ሥጋን በጨውና በቅመም ስለ ማቆየት

ሰው ከብት ባረደ ጊዜ ሥጋውን በአንድ ቀን በልቶ አይጨርሰውም። የተረፈውን እንዲሁ ቢተወው ደግሞ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሸታል። ስለዚህ ምክንያት በልዩ ልዩ አገር የሚኖር ሕዝብ ሁሉ እንደ አየሩ ጠባይና እንደ ልማዱ ሥጋ የሚያቆይበትን ጥበብ ሲፈልግ ኖሯል። እኛ ኢትዮጵያውያን ሥጋውን ዘልዝለን፣ በጨውና በበርበሬ አሽተን፣ በገመድ ላይ ሰቅለን ቋንጣ እናደርገዋለን። ኢጣልያኖች ሳላሚና ሞርታዴላ፣ ጀርመኖች ልዩ ልዩ ዓይነት ቋሊማ፣ እስፓኞች ቾሪሶ የሚባለውን ቀይ ቋሊማ ይሠራሉ። የሁሉም ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም የዛሬን ምግብ ለነገ ማድረስ ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ በዚህ ጽሑፌ ልመረምረው የምወደው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በሥጋ ላይ የምንነሰንሰው ቅመምና ቅጠል ሥጋውን ከማጣፈጥ በቀር ከጉዳት ይጠብቀዋልን? የሚጠብቀው ከሆነስ ከየትኛው ጉዳት ነው? ጥያቄው ለወጥ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። በአንድ በኩል «በርበሬ ያለበት ምግብ ሰው አይጎዳም» የሚል አነጋገር በየቤቱ ይሰማል። በሌላ በኩል ደግሞ ከሱቅ በሚገዛ የታሸገ ሥጋ ላይ «በተፈጥሮ ቅመም የተዘጋጀ» የሚል ጽሕፈት ይታያል። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን ሁለቱም እውነቱን በሙሉ አይናገሩም። እኔም በሳይንስ ክፍል የተማርሁትን ካነበብሁት ጋር አስተባብሬ ነገሩን ለማስረዳት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ሥጋ በምን ምክንያት ይበላሻል?

ሥጋ የሚበላሽባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም ዋናዎቹ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የሚያደርሱት ነው። ስብ የሌለው ጥሬ ሥጋ ከመቶው 75 እጅ ያህሉ ውኃ ነው። ተሕዋስያን ያለ ውኃ ሊራቡ አይችሉምና እርጥብ ሥጋ ለእነርሱ እንደ ለማ ማሳ ነው። ጨው ሲደረግበት ግን ውኃው ከሥጋው ውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የቀረውንም ውኃ ጨው ስለሚይዘው ተሕዋስያኑ እንደ ልብ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ነፋስ ደግሞ የወጣውን ውኃ እያደረቀ ይወስደዋል።

ሁለተኛው መበላሸት የሚመጣው ከአየር ነው። ብረት በኦክሲጂን ምክንያት እንደሚዝግ ሁሉ ስብም በኦክሲጂን ምክንያት ይለወጣል። ከስቡ ሞለኪዩሎች አንዱ ሃይድሮጂኑን ሲያጣ ፍሪ ራዲካል የሚባል ዕረፍት የሌለው ነገር ይሆናል። ይህም ኦክሲጂን ከያዘ በኋላ የጎደለውን ለመሙላት ከጎረቤቱ ሃይድሮጂን ይነጥቃል፤ የተነጠቀውም በተራው ከሌላው ይነጥቃል። በሣር ጎጆዎች መንደር ከአንዱ ጣራ የተነሣ እሳት ወደ ሌላው እየዘለለ መንደሩን እንደሚያዳርስ፣ ይህም ለውጥ እንደዚሁ ከአንዱ ሞለኪዩል ወደ ሌላው ይተላለፋል። በመጨረሻም ስቡ ይከረፋል፤ የሥጋው ቀለም ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ አንዳንዱ ቫይታሚን ይጠፋል፤ ለጤና የማይስማሙ ውሑዶችም ይፈጠራሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከተሕዋስያን የሚጠብቀን ጨው የስቡን መከርፋት ያፋጥነዋል። በሥጋው ውስጥ ያለው ብረትም እንዲሁ ያፋጥነዋል፤ ብርሃንና ሙቀትም ያግዙታል። እንግዲህ ጨው የመጀመሪያውን በር ሲዘጋ ሁለተኛውን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል ማለት ነው። ቅመምና ቅጠል የሚያስፈልገውም በዚህ በሁለተኛው በር ላይ ነው።

በቋንጣ አሠራር ውስጥ ያለው ዕውቀት

እናቶቻችን ቋንጣ ሲሠሩ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አልገለጡም። ዳሩ ግን ሥራቸውን ደረጃ በደረጃ ብንመረምረው ምክንያት የሌለው ነገር አይገኝበትም።

በመጀመሪያ ጮማው ተለይቶ ይወጣና ቀዩ ሥጋ ብቻ ይዘለዘላል። ስብ የሚከረፋ ስለሆነ እርሱን ማስወገድ የሁለተኛውን መበላሸት ማገዶ መቀነስ ነው። ቀጥሎ ሥጋው ረዝሞና ቀጥኖ ይዘለዘላል። ቀጭን ሥጋ ከወፍራሙ ይልቅ ቶሎ ስለሚደርቅ ተሕዋስያን የሚራቡበት ጊዜ ያጥራል። ከዚያም በኋላ በጨውና በበርበሬ ይታሻል፤ እንደየቤቱ ልማድ ኮረሪማና ሌላም ቅመም ይጨመርበታል። በመጨረሻም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይሰቀላል። እናቴን «እማዬ፣ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ቶሎ አይደርቅም ወይ?» ብዬ ብጠይቃት «ላዩ ይደርቅና ውስጡ ይቀራል፤ ጣዕሙም ይሄዳል» ስትል መለሰችልኝ። እውነትም ላዩ በኃይለኛ ሙቀት ቶሎ ከደረቀ ውስጡ ያለው ውኃ መውጫ ያጣል። ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ስቡን ያከረፋሉ።

በደንብ የደረቀ ቋንጣ ውኃው እጅግ ስላነሰ ኋላ የማነሣው ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ ሊያድግበት አይችልም። ስለዚህ ቋንጣ ከተሕዋስያን የሚጠበቀው በዋነኛው በድርቀቱና በጨዉ ነው። ቅመሙ ረዳት ነው እንጂ ዋና ዘበኛ አይደለም። ይህን ልዩነት ካልያዝን የሚቀጥለው ነገር አይገባንም።

የናይትራይት ነገር

እናቴ አንድ ጊዜ ከሱቅ የተገዛ ሞርታዴላ ተመልክታ «ልጄ፣ ይህ ሥጋ የበሰለ ነው ይላሉ፤ ታዲያ እንደ ጽጌረዳ እንዴት ቀላ? እኛ የቀቀልነው ሥጋ ይጠቁራል እንጂ መቼ ይቀላል?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እውነተኛ የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው።

የአውሮፓ ሥጋ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ ከገበታ ጨው ጋር ፖታሲየም ናይትሬት፣ ማለት ባሩድ ለመሥራት የሚያገለግለውን ማዕድን፣ ይጨምሩ ነበር። በ1891 ዓ.ም. ኤድዋርድ ፖሌንስኬ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ናይትሬቱ ሥጋ በሚዘፈዘፍበት የጨው ውኃ ውስጥ በተሕዋስያን ኃይል ወደ ናይትራይት እንደሚለወጥ አስታወቀ። ናይትራይት በሥጋው ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሰጣል፤ ይህም ማዮግሎቢን ከሚባለው የሥጋ ቀለም ጋር ይጣበቃል። የተጣበቀው ቀለም እሳት ሲነካው እንደ ሌላው ሥጋ አይጠቁርም፤ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ለእናቴ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ የናይትራይት ጥቅም ቀለም ብቻ አይደለም። ቋሊማና ወፍራም የጭን ሥጋ እንደ ቋንጣ አይደርቁም፤ ውስጣቸው እርጥብ ነው፤ አየርም አያገኝም። አየር በሌለበት እርጥብ ስፍራ ደግሞ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ተሕዋስ ይራባል። በደቡብ ጀርመን በቩርተምበርግ ሐኪምና ባለቅኔ የነበረው ዩስቲኑስ ኬርነር በ1820 እና በ1822 ዓ.ም. በቋሊማ ስለሚመጣ መመረዝ ጽፎ አሳተመ። የበሽታውም ስም ቦቱሊዝም የተባለው በላቲን ቋንቋ ቋሊማ ማለት ከሆነው ቃል ነው። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ በቤልጅግ አገር በኤልዜል መንደር ለቀብር የተጠሩ ሙዚቀኞች በጨው የቆየ የአሳማ ጭን በልተው ታመሙ፤ ከመካከላቸውም ሦስቱ ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርመንጌም የተባለው ሊቅ ተሕዋሱን ከዚያ ሥጋ ውስጥ ለይቶ አገኘው። የዚህ ተሕዋስ መርዝ ነርቮችን ያሰናክላል፤ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅታል። ናይትራይት ይህን ተሕዋስ እንዳያድግ ይከለክለዋል። ብዙ ሰው ከሞት ያተረፈ መድኃኒት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መድኃኒቱ ራሱ ያመጣው ችግር

ይህ መድኃኒት ግን ሌላ ጠንቅ አለው። በ1956 ዓ.ም. ፒተር ማጊና ጆን ባርንስ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ዳይሜቲል ናይትሮሳሚን የሚባለው ውሑድ በአይጦች ጉበት ላይ ነቀርሳ እንደሚያወጣ አሳዩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኖርዌይ አገር ከብቶችና በጎች በጉበት በሽታ ማለቅ ጀመሩ። ነገሩ ሲመረመር መኖአቸው በናይትራይት ከቆየ ዓሣ የተሠራ ዱቄት ሆኖ ተገኘ፤ በውስጡም ያው ናይትሮሳሚን ተፈጥሮ ነበር። ከዚህ በኋላ ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ራሳቸው ገበታ መለሱ።

ናይትሮሳሚን የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ሥጋ ፕሮቲን ስላለው አሚን የሚባሉ ውሑዶች በውስጡ ይገኛሉ። ናይትራይት ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ይለወጥና ከአሚኖቹ ጋር ይዋሐዳል። ይህ ሁለት ስፍራ ይሆናል፤ አንደኛው ሥጋው በኃይለኛ እሳት ሲጠበስ በመጥበሻ ላይ፣ ሁለተኛው የሆዳችን አሲድ ባለበት በጨጓራችን ውስጥ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የነቀርሳ ምርምር ድርጅት የቆየ ሥጋ በሰው ላይ የትልቁን አንጀት ነቀርሳ እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አለ ሲል አስታወቀ። በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው ይህ በሽታ የሚይዘው ዕድል በ18 ከመቶ ያህል እንደሚጨምርም ገለጸ። ይህ ማለት ከመቶ በላተኞች 18ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። አስቀድሞ የነበረው ትንሽ ዕድል በአምስተኛው ገደማ ከፍ ይላል ማለት ነው። ጥፋቱም የናይትራይት ብቻ ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ የሥጋው ብረት፣ ጨውና ጢስም ይጠረጠራሉ። ድርጅቱ በጨው የደረቀንም ሥጋ ከቆየ ሥጋ ቆጥሮታልና ቋንጣ ወዳዶችም ከዚህ ነገር ፈጽመን ነጻ ነን ማለት አንችልም።

እንግዲህ ሥጋ ሠሪዎች በሁለት ገደል መካከል ቆሙ። ናይትራይቱን ቢተዉት ቦቱሊዝም ይፈራል፤ ቢያበዙት ናይትሮሳሚን ይፈራል። በዚህ ጊዜ ነው የዕፀዋት ነገር የተነሣው።

ዕፀዋት የሚሰጡት እርዳታ

አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ኦክሲጂን የሚያደርሰውን ለውጥ የሚከላከል ነገር ነው። ከላይ ስለ ፍሪ ራዲካል የተናገርሁትን እናስታውስ። አንቲኦክሲዳንት ለተቆጣው ሞለኪዩል ከራሱ ሃይድሮጂን ይሰጠዋል፤ እርሱ ራሱ ግን ከሰጠ በኋላ እንደ ሌላው ተቆጥቶ አይነጥቅም። በሁለት ጠበኞች መካከል ሽማግሌ ገብቶ ከኪሱ ካሣ ከፍሎ ጠቡን እንደሚያበርድ ያለ ነው። ዕፀዋት ይህን የመሰለ ነገር የሚሠሩት ለእኛ ብለው አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ስለሚቆሙ ራሳቸውን ለመጠበቅ ነው። እኛ በምንበላው ጊዜ ከጥበቃቸው እንካፈላለን።

በቆየ ሥጋ ላይ ሁለት አገልግሎት ይሰጣሉ።

አንደኛው አገልግሎት ናይትሮሳሚን እንዳይፈጠር መከላከል ነው። ከዚህ ሥራ ፊተኛው ቫይታሚን ሲ ነው። የሃንጋሪ ሊቅ አልበርት ሴንት ጆርጂ ይህን ቫይታሚን በብዛት ያገኘው በሴጌድ ከተማ ከሚበቅለው ጣፋጭ በርበሬ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1972 ዓ.ም. ሲድኒ ሚርቪሽና ጓደኞቹ ቫይታሚን ሲ ከናይትራይት ጋር ቀድሞ ስለሚገናኝ አሚኖቹ እንደሚድኑ አሳዩ። ናይትራይቱ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ይህም ያን ቀይ ቀለም የሚሰጠው ነው። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ጣለ። በ1978 ዓ.ም. የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ቤከን ለሚባለው የአሳማ ሥጋ በ1 ኪሎ ግራም 120 ሚሊ ግራም ናይትራይት ሲደረግ 550 ሚሊ ግራም የቫይታሚን ሲ ጨው ወይም የቅርብ ዘመዱ አብሮ እንዲጨመር ደነገገ። ቫይታሚን ሲ በውኃ እንጂ በስብ አይሟሟምና በስቡ ውስጥ እንዲጠብቅ ቫይታሚን ኢ ይታገዘዋል።

ይህ በሆዳችንም ውስጥ ይሠራል። በ1981 ዓ.ም. ኦሺማና ባርትሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ናይትሬት ያለበት የቀይ ሥር ጭማቂ ከፕሮሊን ጋር የጠጣ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ጉዳት የሌለው አንድ የናይትሮሶ ውሑድ እንደሚፈጥር በሽንቱ ለኩ። ቫይታሚን ሲ አብሮ ሲወሰድ የሚፈጠረው መጠን በጣም ቀነሰ። ከሥጋ ጋር ጥሬ ቃሪያና ሎሚ የማቅረብ ልማዳችን ለምላስ ብቻ የሚጠቅም አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እኛም በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ቫይታሚን ሲ ቀድሞ ራሱን እንደሚሰጥ በቀላሉ ተመልክተናል። በአራት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥቂት የድንች ስታርች በጠበጥንና የቁስል አዮዲን ጠብ ብናደርግበት ውኃው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። በአንደኛው የሎሚ ጭማቂ፣ በሁለተኛው የቃሪያ ጭማቂ ስንጨምር ቀለሙ ጠፋ። ተራ ውኃ የተጨመረበት ሦስተኛው እንደ ነበረ ቀረ፤ አራተኛውን ለማመሳከሪያ ሳንነካው ተውነው። ቫይታሚኑ አዮዲኑን ስለ ለወጠው ቀለሙን የሚሰጥ ነገር አልቀረም። ማንም ተማሪ በአስተማሪ ፊት ሊሠራው ይችላል።

ሁለተኛው አገልግሎት የስቡን መከርፋት ማዘግየት ነው። በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀው በገበያችን የጥብስ ቅጠል የምንለው፣ ፈረንጆች ሮዝመሪ የሚሉት ተክል ነው። ካርኖሲክ አሲድ የሚባል በስብ የሚሟሟ አንቲኦክሲዳንት አለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ዓ.ም. ከዚህ ቅጠል የሚወጣውን ጭማቂ ኢ 392 የሚል ቁጥር ሰጥቶ በምግብ ውስጥ እንዲገባ ፈቀደ። እንግዲህ ጥብሳችን ላይ ጣል የምናደርገው ቅጠልና በፋብሪካ ቋሊማ ማሸጊያ ላይ በቁጥር የሚጻፈው ነገር የአንድ ተክል ልጆች ናቸው። እንደዚሁም ቅርንፉድ ዩጄኖል፣ ጦስኝ ታይሞልና ካርቫክሮል፣ እርድ ኩርኩሚን የሚባሉ አንቲኦክሲዳንቶች አሏቸው። በ2000 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር የወጣ ጥናት በቾሪሶ ውስጥ የሚገባው ቀይ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የቋሊማውን መከርፋት በብርቱ እንደሚከላከሉ አሳይቷል። የእኛም ቋንጣ በበርበሬ መታሸቱ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው።

ሁለቱን አገልግሎት በአንድነት የፈተነው ፋይቶም የተባለው የአውሮፓውያን ጥናት ነው። በኔዘርላንድስ የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ በመራው በዚህ ጥናት፣ ናይትራይቱ የተቀነሰና ከዕፀዋት የተገኙ አንቲኦክሲዳንቶች የተጨመሩበት ሥጋ ለፈቃደኛ ሰዎች ተሰጠ። ከሰገራቸው ሲመረመር የናይትሮሶ ውሑዶች መጠን እንደ ተለመደው ያለውን ሥጋ ሲበሉ ከነበረው ቀንሶ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ዓ.ም. የናይትራይትን መጠን ዝቅ የሚያደርግ ደንብ አውጥቶ ከ2025 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ እንዲሠራበት አድርጓል።

ዕፀዋት የማይችሉት

እስከዚህ ድረስ የዕፀዋትን ምስጋና ተናገርሁ። አሁን ደግሞ ልካቸውን መናገር ይገባኛል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

በመጀመሪያ፣ አንቲኦክሲዳንት ማለት የተሕዋስያን መግደያ ማለት አይደለም። ስቡ እንዳይከረፋ መጠበቅና ቦቱሊዝም እንዳይነሣ መጠበቅ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን በ1985 ዓ.ም. በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ የደረሰ ነገር አለ። በአንድ ምግብ ቤት በዘይት ውስጥ የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት የበሉ 36 ሰዎች በቦቱሊዝም ታመሙ። ነጭ ሽንኩርት የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም ከመሬት የያዘውን የተሕዋሱን ዘር ይዞ ገባ፤ ዘይቱ አየር ከለከለው፤ ከማቀዝቀዣም ውጭ ነበረ። ሽንኩርቱ ራሱ የመርዙ ማደሪያ ሆነ። «ከተፈጥሮ የተገኘ ነውና አይጎዳም» የሚል ሁሉ ይህን ያስብ።

ሁለተኛ፣ «ናይትራይት ያልተጨመረበት» የሚል ጽሕፈት ሁልጊዜ ናይትራይት የለበትም ማለት አይደለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ናይትሬት የሚበዛበትን የሴለሪ ቅጠል ዱቄት ያደርጉና በተሕዋስያን ኃይል ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። በዕፅ መንገድ የመጣውና ከፋብሪካ የመጣው ናይትራይት በሥጋው ውስጥ አንድ ናቸው፤ ሞለኪዩሉ የትውልድ አገሩን አያስታውስም።

ሦስተኛ፣ መጠን ሁሉን ይወስናል። ቫይታሚን ሲ እንኳ በጥቂቱ ሆኖ ከሥጋው ብረት ጋር ሲገናኝ መከርፋቱን ሊያፋጥነው ይችላል። ፀሐይ ላይ የደረቀ በርበሬ ደግሞ እንደ እርጥቡ ቃሪያ ያለ ቫይታሚን ሲ የለውም፤ አብዛኛው በማድረቅና በማቆየት ይጠፋል።

አራተኛ፣ ቅመሙ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። በርበሬ በደንብ ሳይደርቅ ቢከማች ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱም ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ በወጥ ቤት እሳት በቀላሉ አይጠፋም። ሥጋን ይጠብቃል ብለን በሻገተ በርበሬ ብናሸው ሌባን ዘበኛ አድርጎ እንደ መቅጠር ይሆናል።

ለቤታችን የሚጠቅም ምክር

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚከተለውን ምክር ለማውጣት ይቻላል።

1ኛ/ ለቋንጣ የሚሆነው ሥጋ በእንስሳት ሐኪም የተመረመረ ይሁን። እጅ፣ ቢላዋና ገመድ ንጹሕ ይሁኑ፤ ከእጅ የሚመጣ አንዳንድ ተሕዋስ ጨውን ይችላልና።

2ኛ/ ጮማው በሚገባ ይውጣ፤ ሥጋው ቀጥኖ ይዘልዘል፤ ዝልዝሉ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ ይሰቀል።

3ኛ/ በርበሬውና ቅመሙ በደንብ የደረቀ፣ ሻጋታ ያልነካው ይሁን። ነጭ ሽንኩርት ቢጨመር አዲስ የተላጠ ይሁን እንጂ በዘይት ተደርጎ ከማቀዝቀዣ ውጭ የሰነበተ አይሁን።

4ኛ/ ነፋስ ባለበት ጥላ ይሰቀል፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይጋረድ። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሥጋው ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ በበጋ መሥራት ይሻላል።

5ኛ/ የደረቀው ቋንጣ በደረቅ ዕቃ፣ ብርሃን በማይገባበት ቀዝቃዛ ስፍራ ተከድኖ ይቀመጥ። ሻጋታ የታየበት ወይም የከረፋ ይጣል፤ ማጠብና ቅመም መጨመር አያድነውም።

6ኛ/ ቋንጣም ሆነ የሱቅ ሥጋ ሲዘጋጅ በሚገባ ይብሰል፤ እስኪያር ድረስ ግን አይጠበስ። ከቃሪያ፣ ከሎሚ ወይም ከጎመን ጋር ቢበላ መልካም ነው።

7ኛ/ ከሱቅ የሚገዛው ሞርታዴላና ቋሊማ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ አልፎ አልፎ የሚበላ እንጂ ለሕፃናት በየቀኑ በዳቦ የሚታሸግ ቁርስ አይሁን።

8ኛ/ ናይትራይትን በቤት ውስጥ ለመጠቀም ማንም አይሞክር። ንጹሑ ናይትራይት መልኩ የገበታ ጨው ይመስላል፤ በጥቂቱም መርዝ ነው። በብዙ አገር ለሥጋ የሚሸጠው የናይትራይት ጨው በቀይ ቀለም የሚነከረው እንዳይሳሳቱበት ነው።

መደምደሚያ

በመጀመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። ቅመምና ቅጠል የቆየን ሥጋ ከጉዳት ይጠብቃሉ ወይ? አዎን፣ ከሁለት ጉዳት ይጠብቃሉ፤ የስቡን መከርፋት ያዘገያሉ፤ ናይትሮሳሚንም እንዳይበዛ ይረዳሉ። ነገር ግን የጨውን፣ የድርቀትን፣ የብርድንና የንጽሕናን ስፍራ አይወስዱም፤ ብዙ የቆየ ሥጋ መብላትንም ጉዳት የሌለው አያደርጉትም። ረዳትን እንደ ረዳት፣ ዋናውን እንደ ዋና ማወቅ ያስፈልጋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ የአያቶቻችንን ሥራ ስንመለከት ሁለት ነገር እንዳናደርግ እለምናችኋለሁ። አንደኛው ያልተማረ ሰው ሥራ ነው ብሎ መናቅ ነው፤ ሁለተኛው የጥንት ነውና እንከን የለበትም ብሎ መመካት ነው። ከሁለቱም የሚሻለው ወጥ ቤት ገብቶ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የጥብስ ቅጠልን፣ ቅርንፉድንና ጦስኝን ሌሎች አገሮች መርምረው ተጠቅመውባቸዋል። ኮረሪማችንና ኮሰረታችን ግን ገና ብዙ ምርምር ይጠብቃቸዋል። ከመካከላችን ኬሚስት ወይም ሐኪም የሚሆን ቢኖር፣ የሚመራመርበት ነገር ከእናቱ ጓዳ አይጠፋም።